ዝንጉርጉር

አማርኛ ለቀለም ድብልቅ ስም የማያጣ ቋንቋ ነው። ዶሮውን ገብስማ፣ ወሰራ፣ ዛጎልማ እያለ ይለያል፤ ፈረሱን ዳማ፣ ቡላ፣ አምባላይ ይለዋል፤ በሬውን በግንባሩ ላይ ባለች ነጭ ምልክት ቦራ ብሎ ይጠራዋል። ለነብር ደግሞ ዝንጉርጉርን መርጦ ሰጥቶታል። መጽሐፍ ቅዱስን በአማርኛ ያነበበ ሰው ይህን ቃል ሲሰማ፣ ነቢዩ ኤርምያስ ኢትዮጵያዊውንና ነብሩን በአንድ ጥያቄ ያስተሳሰረበትን ስፍራ ማስታወሱ አይቀርም። ይህን የመሰለ ቃል በእጃችን እያለ፣ ወታደር የሚለብሰውን ልብስ ግን አንዳንዶቻችን ካሞፍላጅ፣ ብዙዎቻችን ደግሞ ሬንጀር እንለዋለን።

ምክንያቱ ስንፍና ብቻ አይመስለኝም። በእኛ አገር የቀለም ስም የወጣው ለመፈለጊያ ነው። በሬው የጠፋበት ገበሬ መንገደኛውን አስቁሞ ቦራ በሬ አላያችሁም ወይ ብሎ ይጠይቃል፤ ዶሮዋ ከጎረቤት ጓሮ የገባችባት ሴት ገብስማዋ የእኔ ናት ብላ ታወጣለች። ቀለም የጠፋው የሚገኝበት ምልክት ነው። የወታደሩ ልብስ ግን የተገኘው እንዲጠፋ የታተመ ቀለም ነው። እርግጥ ነው፣ ደፈጣ አለን፤ ሽምቅ አለን። ሁለቱም የቆዩ ቃላት ናቸው። ነገር ግን የሚደብቁት ሰውየውን እንጂ ልብሱን አይነኩትም። ልብስ ራሱ ጫካ እንዲሆን ማሰብ ለአባቶቻችን የጦር ባህል እንግዳ ሐሳብ ነበር።

የቀድሞው ጦረኛ የሚለብሰው ለመታየት ነው። ጎፈር በራሱ ላይ፣ ለምድ በትከሻው ላይ፣ በብር ያጌጠ ጋሻ በክንዱ ላይ፣ ከዚህም ሁሉ ጋር ነጭ ሸማ። መታየቱም ብቻ አይበቃውም፤ ይፎክራል። የማን ልጅ፣ የማን አሽከር፣ የየትኛው አገር ሰው እንደሆነ ከጠላቱ ፊት ቆሞ ይናገራል። ፉከራና ሽለላ፣ እኛ ዛሬ ግጥም ብለን ከምንጽፈው ብዙው ነገር የተቀዳባቸው ምንጮች ናቸው፤ የሁለቱም ምሰሶ ስም ነው። ገዳይ ስሙን ይናገራል፤ የሞተም እንደሆነ ስሙ ይነገርለታል። የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. ዐድዋ ላይ የተሰለፈው ጦር በአመዛኙ በዚህ መልክ ተሰልፎ ድል አደረገ። ድል ደግሞ ልብሱንም አብሮ ይቀድሰዋል። ዐድዋ ላይ ያልጎዳ ነጭ ሸማ ከ40 ዓመት በኋላ ይጎዳል ብሎ ማን ያስባል?

በ1928 ዓ.ም. የጎጃምን ጦር ይዘው ወደ ሽሬ የዘመቱት የጎጃም ገዥ የነበሩት ራስ እምሩ ናቸው። ይህ ጦር ከጠላት እግረኛ ጋር ሳይተያይ በፊት ከጠላት አውሮፕላን ጋር ተገናኘ። በኅዳር ወር ዳባት አካባቢ ቦምብ ወረደበት። ብዙ ገበሬ ዘማች በሕይወቱ ለመጀመሪያ ጊዜ ያየው አውሮፕላን ያ ነበር። ከዚያ በኋላ ጦሩ ቀን እያደፈጠ ሌሊት መጓዝን ተማረ። ታኅሣሥ 13 ቀን ተከዜ ዳር አውሮፕላኖቹ የጣሉት ግን ፈንጂ ሳይሆን በበርሜል የተሞላ፣ ቆዳ የሚልጥ መርዝ ነበር። በየካቲት መጨረሻ ሽሬ ላይ ጦሩ ተፈታ። ያገራችን ሰው ሀዲስ ዓለማየሁም ከራስ እምሩ ጋር ከዘመቱት አንዱ ነበሩ፤ በኋላም ተማርከው ዓመታት በኢጣሊያ እስር አሳልፈዋል።

ንጉሠ ነገሥቱ ጦሩን ሲያዘምቱ የሰጡት ምክር እንደ ዛሬ አንባቢ ስመለከተው ይገርመኛል። በአንድ ስፍራ አትከማቹ፣ ተሸሸጉ፣ በድንገት መትታችሁ ተሰወሩ የሚል ነበር፤ የሚያብረቀርቀው ጋሻና ጌጥ፣ የሐር ካባና የሐር ቀሚስም እንዲቀር አሳስበዋል። ከላይ የሚያይ ዐይን መምጣቱን ያወቀ ሰው ምክር ነው። ምክሩ ግን ባህሉን አልቀደመውም። መኳንንቱ ድንኳናቸውን ይዘው፣ ዘማቹ ነጭ ሸማውን ለብሶ ሄደ።

አንዳንድ ገጣሚ ወዳጆቼ በዚህ ላይ ይቆጡኛል። ነጭ ለብሶ፣ ስሙን ጠርቶ፣ ደረቱን ሰጥቶ መሞት ውበት አለው ይላሉ፤ በነጩ ሸማ ላይ የፈሰሰውን ደም እያዩ ግጥም ይጽፋሉ። እኔ በዚያ ውበት አላምንም፤ ለሟቹ ሳይሆን ለገጣሚው የሚመች ውበት ነው። ያ ገበሬ አፈር የመሰለ ሸማ ለብሶ፣ ተከዜን በሌሊት ተሻግሮ፣ እቤቱ ገብቶ ማሳውን ቢያርስ ኖሮ ግጥማችን አንድ ስንኝ ይጎድለው ይሆናል፤ ልጆቹ ግን አባት ባልጎደላቸው። ስለዚህ ዝንጉርጉሩን ልብስ በፈሪነት የሚከሱትን አልደግፍም። የሰውን ሕይወት ለማትረፍ የተፈጠረ ነገር ነው፤ ቢያንስ አንድ ወገኑ።

ከአምስት ዓመት በኋላ በእኛው አካባቢ የሆነውን ደግሞ እንመልከት። ጥር 1933 ዓ.ም. ንጉሠ ነገሥቱ በኦሜድላ በኩል ገቡ፤ የእንግሊዙ መኮንን ዊንጌት የሚመራው፣ ጌዴዎን የተባለው ጦር በበላያ ተራራ አድርጎ ወደ ደጋው ወጣ። ይህ ጦር ከ2 ሺህ ብዙም ያልበለጠ መደበኛ ወታደር ነበረው። ዝንጉርጉር ልብስ አልነበረውም። እንዲያውም ለመደበቅ እጅግ የማይመች ነገር ይዞ ነበር የመጣው፦ ከ15 ሺህ የሚበልጡ ግመሎች። (ግመልን በጎጃም ደጋ ላይ መደበቅ! ምስኪኖቹ አብዛኞቹ በብርድና በዳገት አለቁ።) ይህ ጦር የደበቀው ቁጥሩን ነው። በሌሊት ከዚህም ከዚያም እየተኮሰ፣ ከአርበኞቹ ጋር እየተቀናጀ፣ ጋዜጠኛው ጆርጅ ስቲር ባመጣው የድምፅ ማጉያ በአማርኛ እየተጣራ፣ ጥቂቱን ብዙ አስመሰለ። የኢጣሊያው ኮሎኔል ናታሌ በሺህ የሚቆጠር ጦር ይዞ ሳለ የካቲት 25 ቀን ቡሬን ለቅቆ ወጣ። በማንኩሳ አልፎ ወደ ደምበጫ ሲያመራ ጨረቃ ከተባለው ወንዝ ላይ የካቲት 27 ቀን ከሁለተኛው የኢትዮጵያ ሻለቃ ጋር ተፋጠጠ፤ ሻለቃውም በብዙ እጥፍ ከሚበልጠው ጦር ጋር ተናንቆ ብዙ ሰው አጣ። መጋቢት 28 ቀን ንጉሡ ደብረ ማርቆስ ገቡ።

ማንኩሳን ጠቅሼ ዝም ብዬ ማለፍ አልችልም። ለሥነ ጽሑፍ ሰው ማንኩሳ የኮሎኔል ናታሌ መንገድ አይደለችም፤ የ‹‹ፍቅር እስከ መቃብር›› መነሻ፣ የበዛብህ ወላጆች አገር ናት። ልብ ወለዱ በ1958 ዓ.ም. ሲታተም ያ ውጊያ 25 ዓመት ሆኖት ነበር። የአገር ስም ሁለት ጊዜ መኖር ይችላል፤ አንዱ ኑሮው በጦር ካርታ ላይ፣ ሌላው በልብ ወለድ ገጽ ላይ። ዛሬ ማንኩሳ ሲባል ሕዝቡ የሚያስታውሰው የትኛውን እንደሆነ ሁላችንም እናውቃለን፤ ደስም ይለኛል።

አሁን ወደ ልብሱ ልመለስ፤ ልብሱን የፈጠሩት ጄኔራሎች ሳይሆኑ ሰዓሊዎች ናቸውና። አሜሪካዊው ሰዓሊ አቦት ቴየር፣ በ1909 እ.ኤ.አ. ከልጁ ጋር ባሳተመው መጽሐፍ፣ የዱር እንስሳት ጀርባቸው ጠቆር ሆዳቸው ነጣ ያለበትን ምክንያት አስረዳ። ብርሃን ከላይ ስለሚወርድ ጀርባን ያደምቃል፣ ሆድን ያጠላል፤ ተፈጥሮ ግን ጀርባውን አጥቁራ ሆዱን ስታነጣው ብርሃንና ጥላ ይጣፋሉ፤ አካሉም ድቡልቡልነቱን አጥቶ እንደ ወረቀት ጠፍጣፋ ይመስላል። ሚዳቋ ከቁጥቋጦ ሥር ቆማ ሳለ የማትታየን በዚህ ነው። ሰዓሊ በሸራ ላይ ጥላ እየጨመረ ጠፍጣፋውን ድቡልቡል ያደርጋል፤ ሚዳቋ ደግሞ ጥላ እየቀነሰች ድቡልቡሉን ጠፍጣፋ ታደርጋለች። ይህን ለማየት የሰዓሊ ዐይን ያስፈልግ ነበር።

በ1915 እ.ኤ.አ. የፈረንሳይ ጦር በሰዓሊው ጊራን ደ ሴቮላ መሪነት የሰዓሊዎች ክፍል አቋቋመ፤ ሥራቸው መድፍና መኪናን በቀለም መሰወር ነበር። ፒካሶ በፓሪስ መንገድ ላይ ቀለም የተቀባ የጦር መሣሪያ ሲያልፍ አይቶ ይህንንማ የሠራነው እኛ ነን ማለቱን ጸሐፊዋ ገርትሩድ ስታይን ተርካለች። እውነቱን ነው፤ የአንድን ነገር ቅርጽ ሰባብሮ ዐይን እንዳይገጥመው ማድረግ የኩቢዝም ሥራ ነበር። በ1917 እ.ኤ.አ. እንግሊዛዊው ሰዓሊ ኖርማን ዊልኪንሰን መርከቦችን በጥቁርና በነጭ ሰያፍ መስመሮች አስቀባ። መርከቡ አልተሰወረም፤ ጭራሽ ደመቀ። ነገር ግን በባሕር ሰርጓጅ ውስጥ ሆኖ የሚያነጣጥረው ሰው መርከቡ በየት አቅጣጫ እንደሚሄድ እንዲሳሳት ተደረገ። ከዚያ በ1929 እ.ኤ.አ. ኢጣሊያ ለወታደር ድንኳን የሚሆን ዝንጉርጉር ጨርቅ በብዛት አሳተመች፤ በፋብሪካ በገፍ ከታተሙት የዓይነቱ ጨርቆች የመጀመሪያው ተብሎ ይቆጠራል። ስድስት ዓመት ቆይታ እኛ ላይ ዘመተች። አንደኛው ወገን የመሰወርን ጥበብ በፋብሪካ ሲያትም ሌላው በነጭ ሸማ እየሄደ ነበር ማለት ነው።

አውሮፕላን ከወታደር ይልቅ ከባድ እንቆቅልሽ አለበት፤ ሁለት ዳራ አለውና። ከላይ የሚያየው ዐይን ምድርን ከጀርባው ያያል፤ ከታች የሚያየው ሰማይን። ስለዚህ ሚዳቋዋ የምታውቀው ብልሃት እንደገና ተገለበጠ፦ ጀርባው አረንጓዴና ቡናማ፣ ሆዱ ፈዛዛ ሰማያዊ። በደርግ ዘመን ከቢሾፍቱ ይነሡ የነበሩት ሚግ 23ዎች በዚህ ዓይነት መልክ ነበሩ። በ1991 ዓ.ም. መጀመሪያ ገደማ የመጡት ሱ 27ዎች ግን ግራጫና ሰማያዊ ናቸው፤ የዘመኑ ተዋጊ አውሮፕላን በሰማይ ላይ እንጂ በጫካ ላይ መሰወር አይጠበቅበትምና። ከሁሉ የሚያስቀኝ ግን የካናዳ ኤፍ 18ዎች ነገር ነው። በሆዳቸው ላይ የአብራሪው መቀመጫ መስታወት የሚመስል ጥቁር ምስል ተስሏል። በውጊያ ላይ ባላጋራው አውሮፕላኑ ወዴት እንደሚዞር ለመገመት ሲሞክር ሆዱን ጀርባ መስሎት ለአንዲት ቅጽበት ይደናገራል። አንዲት ቅጽበት በዚያ ፍጥነት ሕይወት ናት። ይህንንም ያሰበው ሰዓሊ ነው፤ ኪት ፌሪስ ይባላል።

በልብሱ በኩል ደግሞ ነገሩ ከሰዓሊዎች እጅ ወጥቶ ወደ ኮምፒዩተር ገባ። በ1970ዎቹ እ.ኤ.አ. አሜሪካዊው መኮንን ቲሞቲ ኦኒል በትንንሽ አራት ማዕዘኖች የተሠራ ንድፍ ከወራጅ ቅርጾች ይልቅ ዐይንን እንደሚያታልል አሳየ፤ ትልልቁ ቅርጽ ለሩቅ፣ ትንንሹ ለቅርብ ይሠራል። ካናዳ ተከተለች፤ የአሜሪካ ባሕረኛ ወታደሮች በ2002 እ.ኤ.አ. ለበሱት። ከዚያ የአሜሪካ ምድር ጦር በ2004 እ.ኤ.አ. ለበረሃም፣ ለከተማም፣ ለጫካም የሚሆን አንድ ግራጫ ልብስ አመጣ። ለሁሉም የሚሆን ለማንም አልሆነ። ከሩቅ ሲታይ ትንንሾቹ ነጠብጣቦች ተዋሕደው አንድ ነጣ ያለ ጉብታ ይሆኑ ነበር፤ ወታደሩም አፍጋኒስታን ውስጥ ከየትኛውም ኮረብታ ላይ ይለይ ነበር። ከ2015 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በሌላ ተተካ፤ 5 ቢሊዮን ዶላር ያህል እንደባከነበትም ተዘግቧል።

ይህን ሳነብ ወደ አእምሮዬ የመጣው የምዕራብ ጎጃም ዓመት ነው። በነሐሴ ከቡሬ እስከ ፍኖተ ሰላም ያለው ምድር አረንጓዴ ነው፤ በቆሎው ሰው ይውጣል። በመስከረም አደይ ይመጣል። በጥቅምትና በኅዳር በርበሬው ይቀላል፤ ተሰጥቶ ሲታይ ግቢው ሁሉ እሳት የነካው ይመስላል። በጥር ገለባ ነው፤ በሚያዝያ ከታረሰው ቀይ አፈር በቀር ምንም የለም። አንድ ልብስ ይህን ሁሉ ሊሆን አይችልም። ለበርበሬ ማሳ የሚሆን ካሞፍላጅ ማንም አልሠራም። ገበሬው ራሱ ግን ካኪ ቁምጣውንና ኮቱን ለብሶ፣ ጋቢውን ደርቦ፣ ዓመቱን ሙሉ በዚያው መልክ ይኖራል፤ ከማንም መሰወር አላሰበምና።

ሥነ ጽሑፍ ከሚወዱ ሰዎች ጋር ይህ ጉዳይ በተነሣ ቁጥር አንዱ ሳይቀር፣ ካሞፍላጅ ማለት እኮ ሰምና ወርቅ ነው ይላል። በተለይ በጎንጅና በዋሸራ አገር ስለምንኖር ይህ አባባል ያስደስተናል። አልስማማም። ሰም ወርቁን የሚሸፍነው እንዲገኝ ነው። ቅኔ ተቀኝቶ ወርቁን ማንም ያላገኘለት ተማሪ ተሳካልኝ አይልም፤ ቅኔው ወድቆበታል። የወታደሩ ልብስ ግን የሚሳካው ማንም ካላገኘው ብቻ ነው። አንዱ ዐይንን ይጠራል፤ ሌላው ዐይንን ያባርራል። ሥራዬ ባንክ ቤት ስለሆነ ሌላ ምሳሌ ይታየኛል። በብር ኖት ላይ ያሉት እነዚያ እንደ ፀጉር የቀጠኑ፣ እርስ በርስ የተጠላለፉ መስመሮች ከዝንጉርጉሩ ልብስ ይልቅ የተወሳሰቡ ናቸው፤ ሥራቸው ግን ዐይን እንዲዘገይባቸው ማድረግ ነው። ኖቱን ወደ ብርሃን አንሥቶ የሚያይ ሰው ሐሰተኛውን ከእውነተኛው ይለያል። ቅኔ የብር ኖት ወገን ነው።

አንድ ነገር ግን ላምን እገደዳለሁ፤ በሳንሱር ዘመን ጸሐፊ የሚለብሰው ልብስ ከወታደሩ ልብስ ጋር ይዘመዳል። ከአንዱ ዐይን ተሰውሮ ለሌላው ዐይን መታየት ይፈልጋልና። በዓሉ ግርማ በ1975 ዓ.ም. ‹‹ኦሮማይ››ን ሲያሳትም የባለሥልጣናቱን ስም ለውጦ ነበር፤ አንባቢው ግን ማን ማን እንደሆነ ወዲያው አወቀ። ልብሱ ስስ ነበረ። መጽሐፉ ከገበያ ተሰበሰበ፤ ደራሲውም ከሥራው ተባረረ፤ በየካቲት 1976 ዓ.ም. ከቤቱ እንደወጣ አልተመለሰም። እኛ ኦሮማይን የምንወደው ካሞፍላጁ ስላልተሳካለት ነው፤ ቢሳካለት ኖሮ ደራሲው ይተርፍ ነበር፣ መጽሐፉ ግን እንደ ማንኛውም የፍቅር ታሪክ ይነበብ ነበር። ይህን ሒሳብ እንዴት እንደምዘጋው አላውቅም።

ወደ ከተማ ሲገባ ደግሞ ዝንጉርጉሩ ልብስ ሌላ ጠባይ ያመጣል። ብር ሸለቆ የወታደር ማሠልጠኛ ስላለ የእኛ አካባቢ ሰው ይህን ልብስ ለማየት እንግዳ አይደለም። በጫካ ውስጥ እንዳይታይ የተሠራው ልብስ በቡሬ ገበያ መካከል ሲያልፍ ከሁሉ ነገር ይልቅ የሚታየው እርሱ ነው። ሰው መንገድ ይለቃል፤ ወሬ ይቆማል፤ ሕፃን ያፈጣል። ለመሰወር የተፈጠረው ነገር የሥልጣን ምልክት ሆኖ አረፈ። ልዩ ኃይሎች በየክልሉ በነበሩበት ጊዜ እያንዳንዱ የየራሱ ዝንጉርጉር ነበረው፤ በ2015 ዓ.ም. እንዲፈርሱ እስከተወሰነ ድረስ ሰዉ ነጠብጣቡን እያየ ይሄ የማን ነው ብሎ ይገምት ነበር። እንደ ገብስማና ወሰራ መሆኑ ነው።

በዚያው ልክ፣ በከተማ ውስጥ መሰወር የሚፈልግ ታጣቂ የሚለብሰው ዝንጉርጉር ሳይሆን የእኔንና የአንተን ልብስ ነው። የከተማ ካሞፍላጅ ጃኬትና ሱሪ ነው፤ የገጠር ካሞፍላጅ ጋቢና ቁምጣ ነው። ሕግ አውጪዎቹ ይህን አላጡትም። በ1977 እ.ኤ.አ. የተፈረመው የጄኔቫ ስምምነቶች ተጨማሪ ፕሮቶኮል፣ ኢትዮጵያም በ1994 እ.ኤ.አ. የተቀበለችው፣ ካሞፍላጅን ከተፈቀዱት የጦር ብልሃቶች ተራ ያስቀምጠዋል፤ ሰላማዊ ሰው መስሎ መግደልን ግን ክህደት ብሎ ይከለክላል፤ የጠላትን መለዮ ለብሶ ማጥቃትንም እንዲሁ። ልዩነቱ ለገጣሚም ሊገባው የሚገባ ነው፦ ዛፍ መምሰል ይፈቀዳል፤ ጎረቤት መምሰል አይፈቀድም። ዛፍ የመሰለ ወታደር ሲፈለግ የሚቆረጠው ዛፍ ነው። ጎረቤት የመሰለ ታጣቂ ሲፈለግ ግን የሚመታው ጎረቤት ነው። ይህም ደግሞ ለሚፈልገው ወገን ጎረቤትን ሁሉ የመምታት ፈቃድ አይሰጠውም፤ ያው ሕግ ይህንንም ይናገራል።

ፒካሶ ካሞፍላጅን እኛ ሠራነው ካለ ከ20 ዓመት በኋላ ሌላ ሥራ ሠራ። ሚያዝያ 26 ቀን 1937 እ.ኤ.አ. የጀርመንና የኢጣሊያ አውሮፕላኖች የጌርኒካን ከተማ ደበደቡ፤ ዕለቱ ሰኞ ነበር፤ የገበያ ቀን። ከዓመት በፊት ከኢትዮጵያ ሰማይ ላይ መርዝ ያፈሰሰው የኢጣሊያ አየር ኃይል ነበር እዚያም የተገኘው። ፒካሶ የሣለው ታላቅ ሸራ ግን ቀለም የለውም፤ ጥቁር፣ ነጭና ግራጫ ብቻ ነው። ቀለምን ለመሰወሪያ ያዋለው ትውልድ የተገደሉትን ሲሥል ቀለሙን ሁሉ አወጣው። ከብዙ ዓመት በኋላ፣ ሰኔ 15 ቀን 1980 ዓ.ም.፣ በእኛ አገር ሐውዜን ላይ ሌላ የገበያ ቀን ተደበደበ። የሟቾቹ ቁጥር ከ1,800 እስከ 2,500 ሆኖ ይጠቀሳል። አውሮፕላኖቹ ካሞፍላጅ ነበራቸው። ገበያ ካሞፍላጅ የለውም፤ ሊኖረውም አይችልም፤ ገበያ ማለት ሰው ለሰው የሚታይበት ቦታ ነውና።

ፍኖተ ሰላም በግእዝ የሰላም መንገድ ማለት ነው። ነሐሴ 7 ቀን 2015 ዓ.ም. እሑድ ዕለት በመሐል ከተማው ላይ በደረሰ የአየር ጥቃት ቢያንስ 26 ሰዎች መሞታቸውን የሆስፒታል ምንጭ ለዜና ሰዎች ተናግሯል። ስለ ማን ትክክለኛነት እዚህ ላይ አልከራከርም፤ ለዚያ ሌላ መድረክ አለ። የእኔ ጉዳይ ዐይኑ ነው። የዘመኑ ሰው አልባ አውሮፕላን ራሱ ሰማይ መስሎ በፈዛዛ ግራጫ ተቀብቶ ይበርራል፤ በሚይዘው የሙቀት ካሜራ ግን ቀለም አይገባም። በማሳያው ላይ የሚወጣው የገላ ሙቀት ነው። ጋቢ የለበሰው ገበሬ፣ ዝንጉርጉር የለበሰው ወታደር፣ ነጠላ ያጣፋችው እናት፣ ሁሉም አንድ ዓይነት ነጭ ነጠብጣብ ናቸው። ቦራው በሬና ዳማው ፈረስም እንደዚያው። ሙቀትን የሚሸፍን መረብ ባለጸጋ የሆኑ ሠራዊቶች አላቸው፤ የሚዘረጉት ግን በታንክ ላይ እንጂ በአውቶቡስ መናኸሪያ ላይ አይደለም። ከመቶ ዓመት በላይ ሰዓሊውም፣ የእንስሳት አጥኚውም፣ ኮምፒዩተሩም የደከሙበት ጥበብ በዚህ ዐይን ፊት ዋጋው ትንሽ ነው። ራቁታችንን የቀረን እኛ ስንሆን፣ እርሱ ከላይ ሆኖ አይታይም፤ ድምፁ ብቻ ይሰማል።

እንግዲህ ጥያቄዬ ለገጣሚዎች ነው። ፉከራችን ስምና መልክ ላለው ጦርነት የተሠራ ነው። የዛሬው ተዋጊ አንዱ ፊቱን ያልብሳል፣ አንዱ ሰላማዊ ሰው ይመስላል፣ አንዱ ደግሞ በሩቅ ክፍል ውስጥ ተቀምጦ ማሳያ ያያል። ለእነዚህ ፉከራ የሚጽፍ ሰው ሳይ፣ ያረጀ ለምድ አውጥቶ ለማያውቀው ሰው የሚያለብስ ይመስለኛል። በየገጹ የማነበው የጦር ግጥም ሁሉ አሁንም አንበሳና ነብር ነው፤ የትኛውም ወገን ይጻፈው። ነብር ዝንጉርጉርነቱን አልለወጠም፤ ጦርነቱ ግን ተለውጧል። በእኔ አስተያየት ለዚህ ዘመን የሚመጥነው ፉከራ ሳይሆን ሙሾ ነው። ሙሾ ዝቅ ያለ ጥበብ ነው ብሎ የሚንቅ ገጣሚ ካለ አንድ ቀን ለቅሶ ቤት ሄዶ በጥሞና ይስማ። አልቃሿ ምንም ነገር በጅምላ አትናገርም። የሟቹን ስም ትጠራለች፤ የእናቱን ስም ትጠራለች፤ የሄደበትን ገበያ፣ ያረሰውን መሬት፣ የበሬውን መልክ ሳይቀር ታነሣለች።

በአገራችን ወግ የሟች ልብስና ጠመንጃ ለቅሶው ላይ ይወጣል፤ ዘመድ ከፍ አድርጎ ይዞት ይዞራል፤ አልቃሿም እያየችው ታወድሳለች። ከጥቂት ጊዜ በፊት በአንድ የገጠር ለቅሶ ላይ የተነሣው ልብስ ጋቢ አልነበረም፤ ዝንጉርጉር ጃኬት ነበር። የሟቹ እህት በሁለት እጇ ከራሷ በላይ ይዛው በለቀስተኛው መካከል ዞረች። ቡናማውና አረንጓዴው ከነጭ ነጠላው ሁሉ በላይ ከሩቅ ይታይ ነበር። አልቃሿ ትንሽ ዝም ብላ አየችውና በስሙ ጠራችው።